ብልቃጡ የማን ነበር?

ሱስ አለብኝ። ጫት አይደለም፤ ሲጋራም አይደለም። የኩል ብልቃጥ ነው። እየሳቃችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም፤ እናቴም ስቃለች። በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ፣ መጽሐፍ መቀመጥ በነበረበት መደርደሪያ ላይ፣ ዐሥራ አንድ የኩል ብልቃጦች ተደርድረዋል። የቀንድ አለ፤ የእንጨት አለ፤ ቆዳ የተለበጠ አለ። አንዱ አፉ ላይ ቀጭን ብር ተጠምጥሞበታል (እሱን የገዛሁበት ወር ምሳዬ ሽሮ፣ እራቴም ሽሮ ነበር)። ከጎናቸው ሁለት የእንጨት ሚዶዎችና ቀለሙ የተላላጠ ሰማያዊ የኒቪያ ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮው ውስጥ ክሬም እንዳይመስላችሁ። መርፌ፣ ክርና የሸሚዝ ቁልፍ ነው ያለው። እናንተም ቤት እንደዚያው እንደሆነ አውቃለሁ።

ብልቃጦቹም ውስጥ ኩል የለም። እኔ ራሴ የምኳለው የፋብሪካውን ነው። እንግዲህ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ይሄ ነው፤ «የማትኳይበትን ምን ያደርግልሻል?» ለረጅም ጊዜ የምመልሰው «ትዝታ ነው» እያልኩ ነበር። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ሰው ቶሎ ዝም ያሰኛል። በቅርቡ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ የማን ትዝታ?

እኔ ብቻ አይደለሁም

የድሮ መዋቢያ መሰብሰብ የዓለም በሽታ ነው። በፈረንጆቹ አገር የሴት አያቶቻቸውን የዱቄት ቆርቆሮ፣ የከንፈር ቀለም ቀፎና ባዶ የሽቶ ጠርሙስ በጨረታ የሚገዙ ሰዎች አሉ። የሻነል ቁጥር 5 ሽቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ የድሮ ጠርሙሱን የሚያሳድዱት ሰብሳቢዎች ብዙዎቹ እንደኔ የሚቀቡት ሌላ ነው። የኒቪያ ቆርቆሮ ሰማያዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ ከዚያ በፊት ቢጫ ነበር። ይኼን የማውቀው ሌሊት ሌሊት ስለ ቆርቆሮ ሳነብ ስለማድር ነው። ምን ላድርግ?

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አንዷ ጓደኛዬ የሴት አያቷን የአንገት ንቅሳት ከፎቶ ላይ አስገልብጣ በታቱ ቤት አስነቅሳለች። ሌላዋ ለሠርጓ ሂና ትታ እንሶስላ ካልሆነ ብላ አገር አስፈልጋለች። እንሶስላ ለማታውቁ፣ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ታስሮ የሚታደርበት፣ ጠዋት ሲፈታ ቀይ ሆኖ የሚገኝ ተክል ነው። አደስ ተወቅጦ የገባበትን ለጋ ቅቤ «ኦርጋኒክ የፀጉር ቅባት» ብለው በቆንጆ ብልቃጥ የሚሸጡም አሉ። እናቶቻችን ቅቤ ተቀብተው ትምህርት ቤት ሲሄዱ «ሸተትሽ» እየተባሉ ነው ያደጉት። ዛሬ ያው ሽታ በግራም ይሸጣል። ጊዜ ደጉ!

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ልስቅባቸው አይደለም። እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። ነገር ግን ናፍቆታችን ውስጥ አንድ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ያየሁት አንድ ሱቅ ውስጥ ነው።

«የድሮ ሰው»

በአዲስ አበባ የባህል ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሱቆች የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ። ከአንዱ ገብቼ አንድ ጥቁር የቀንድ ብልቃጥ አነሣሁ።

«እሱ ኦሪጅናል ነው፤ መቶ ዓመት ያልፈዋል» አለኝ ሻጩ።

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከጎንደር።»

«ከጎንደር የት?»

«የኔ እህት፣ ጎንደር አልኩሽ እኮ!»

«እሺ፣ የማን ነበር?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «የድሮ ሰው ነዋ!» አለኝ።

ገዛሁት። ቤት ገብቼ በጨርቅ ስወለውለው መዳፌ ጠቆረ። አሸተትኩት። የመቶ ዓመቱ ጥቁረት የጫማ ቀለም ነበር። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ወደ ሌሎቹ ዐሥር ብልቃጦቼ ዞሬ «እናንተስ?» አልኳቸው። ስለ አንዳቸውም የማውቀው ነገር አልነበረም። የሐሰተኛውም የእውነተኞቹም የታሪክ ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር፤ «የድሮ ሰው»። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ በጫማ ቀለም ቢጠቁርም ባይጠቁርም ልዩነቱን በምን ታውቁታላችሁ?

መካነ ኢየሱስ

አሁን ወደ ገመናዬ ልግባ።

የእናቴ አገር እስቴ ነው፤ መካነ ኢየሱስ። ካርታ ላይ ለምትፈልጉ፣ ደቡብ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር ደርሳችሁ እንደገና ወደ ደቡብ የምትሄዱበት፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ የሚያንቀጠቅጥበት ደጋ ነው። ልጅ ሆኜ ክረምትን እዚያ አሳልፍ ነበር። ሴት አያቴን የማውቃቸው ቆብ ደፍተው እማሆይ ከሆኑ በኋላ ነው። ኩል የሚባል ነገር ዓይናቸው ላይ አላየሁም። ነገር ግን ከአልጋቸው ራስጌ በተሰቀለችው ሙዳይ ውስጥ፣ ከመቁጠሪያና ከከርቤ ጋር፣ ቡናማ የቀንድ ብልቃጥ ነበረች። ክዳኗ ቆዳ ነው። መኳያዋ ክዳኗ ላይ በክር ታስራለች።

አንድ ቀን አውጥቼ ስጫወትባት ያዙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ከጎኔ ቁጭ አሉ። በልጅነታቸው ለጥምቀት ሴቶቹ ሁሉ ከአንድ ብልቃጥ ተራ በተራ ይኳሉ እንደነበር ነገሩኝ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ» የሚባለው ለቀሚስ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ድዳቸውን ገልጠው ንቅሳታቸውንም አሳዩኝ፤ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጥርሳቸውን ነጭ ያደርገዋል።

«ያምራል፣ አንቱ!» አልኳቸው።

«ያማረው በኋላ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ያኔማ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

እማሆይ ካረፉ በኋላ፣ እየዞረ የድሮ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከቤት መጣ። አክስቴ እታለም ብልቃጧን ሸጠችለት። የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። በስልክ ጮኽሁባት፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

«ምን ብለሽ ሸጥሻት?» አልኳት።

«ባዶ ናት ብዬ» አለችኝ።

በቃ። መልሷ ይሄ ነው። ልፈርድባት አልችልም። እሷ ያየችው ባዶ ብልቃጥ ነው፤ በገንዘቡ ለልጆቿ ደብተር ገዛችበት። እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ «ቅርስ!» እያልኩ የምጮኸው የደብተሩን ዋጋ ልኬላት ስለማላውቅ ነው።

የመሰብሰብ ሱሴ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር የምሰበስበው የሰበሰብኩትን አይደለም፤ ያቺን አንዷን እየፈለግሁ ነው። የቀንድ ብልቃጥ ባየሁ ቁጥር ክዳኑን አገላብጣለሁ። አላገኘኋትም። የምታምሳት ስትሆን ደግሞ እገዛለሁ። ዐሥራ አንድ የደረስኩት እንዲህ ነው።

ከዚያ የጫማ ቀለሙ ቀን መጣና ነገሩ ተገለጠልኝ። የኔ መደርደሪያ ላይ ካሉት ውስጥ እውነተኞቹ እያንዳንዳቸው የሆነ ሰው ሴት አያት ናቸው። የሆነች የልጅ ልጅ፣ ደብረ ታቦር ወይ ደሴ ወይ ደብረ ማርቆስ ሆና፣ «የማን እጅ ገባች ይሆን?» እያለች ይሆናል። መልሱ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ስጠየቅ የምመልሰው የሻጩን መልስ ነው፤ «የድሮ ሰው»።

ትዝታ የሚደብቀው ነገር

ስም ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ሕመሙ ነው። ይሄን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ናፍቆታችን ዕቃውን አጥቦ፣ አጣፍጦ፣ አሽቶ ነው የሚያቀርብልን።

ኩልን እንውሰድ። ጥንታዊ መሆኑ አያጠያይቅም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የግብጿ ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከችው ጉዞ ይዞት ከተመለሰው ዕቃ ውስጥ፣ ከዕጣንና ከዝሆን ጥርስ ጋር፣ የዓይን ኩል በደይር ኤል-በሐሪ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ፑንት ደግሞ ብዙ ሊቃውንት ወደኛ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የሚያስጠጉት አገር ነው። ደረት ያስነፋል። ነገር ግን የጥንቱ ኩል በአብዛኛው የሚፈጨው ጋሌና ከሚባል ድንጋይ ነው፤ ጋሌና ደግሞ የእርሳስ ማዕድን ነው (የምንጽፍበት ሳይሆን መርዛማው ብረት)። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ በተለይ ለሕፃናት። በብዙ አገር ደግሞ ሕፃናትም ይኳላሉ። ስለዚህ ከድሮ ብልቃጥ ሥር የቀረ ዱቄት ካገኛችሁ ዓይናችሁ ላይ እንዳትሞክሩት። «ሊኩሏት ዓይኗን አጠፉ» እንዳይሆን።

ንቅሳትን እንውሰድ። ጓደኛዬ የታቱ ቤት ወንበር ላይ በራሷ ፈቃድ፣ በአዲስ መርፌ፣ ሙዚቃ እየሰማች ነው የተነቀሰችው። እማሆይ ልጅ ሆነው፣ ሳይጠየቁ፣ ሌላዋም በተነቀሰችበት መርፌ ነው። ሥዕሉ አንድ ነው፤ ታሪኩ ግን አንድ አይደለም። ጓደኛዬ መነቀሷ ደስ ይለኛል። «የአያቶቻችን ነጻነት» ብላ ስትጽፍበት ግን ሦስቱ ጾም ቀናት ትዝ ይሉኛል።

ዝባድን እንውሰድ። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ከእናሪያ ተነሥቶ፣ በጎጃም አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎንደር፣ ከዚያም ምጽዋ ከሚደርሰው ሀብት አንዱ በቀንድ የታሸገ ዝባድ ነበር። የኢትዮጵያ ዝባድ በኋላም የፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች የሚፈልጉት ነገር ሆኖ ቆየ። ያ ከላይ ያነሣሁት ሻነል ቁጥር 5 እንኳ ዝባድ ነበረበት፤ ኩባንያው በተፈጥሮው ፈንታ ሰው ሠራሽ መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱ ጥርኟ ነች። ዝባዱ የሚወጣው ጥርኝ ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ታስራ፣ በየጥቂት ቀኑ እጢዋ እየተጠረገ ነው። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ጮኹ። ባዶውን የሽቶ ጠርሙስ በጨረታ የሚገዛው ሰው ግን ጥርኟን አይገዛም። እኔም ብልቃጡን ስገዛ ሦስቱን ቀን አልገዛሁም።

«ታዲያ እንተወው?»

አንዳንዶቻችሁ «እሺ፣ ታዲያ አትሰብስቡ ልትይን ነው?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። እኛ ሞኞቹ ሰብሳቢዎች ባንኖር ብልቃጡ ወይ ምድጃ ይገባል፣ ወይ በሻንጣ ከአገር ይወጣል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን፤ አዋጅ ግን ሙዳይ ውስጥ ገብቶ አይጠብቅም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ዕቃን ዕቃ የሚያደርገው ስም ነው።

ማስረጃ ካላችሁኝ እዚያው እናቴ አገር ጎረቤት ልውሰዳችሁ። ደብረ ታቦር የአፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ነበረች። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዱት ውስጥ የንጉሡ ፀጉር ነበረበት። ፀጉር ብቻ! ለንደን በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ኖሮ ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። እንዴት ተመለሰ? የማን ፀጉር እንደሆነ ስለታወቀ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስና የብር ጌጥ ዛሬም ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። ይመለስ ብለን የምንጮኸው ለምንድን ነው? ስማቸው ስላለበት። ስሙ የጠፋ ጌጥ ግን በዓለም ስንት ካዝና ውስጥ እንዳለ ማንም አይጮህለትም። ማን ብሎ ይጮሃል?

እንግዲህ እቴጌ ጸሐፊ አላቸው። የእስቴ ሴት ግን ጸሐፊዋ የልጅ ልጇ ናት። እሷ ካልጻፈች የለም።

ይሄ ነገር ለብልቃጥ ብቻ አይሠራም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ስትፈርስ ስንቶቻችን ሄደን ከግድግዳው ጋር ፎቶ ተነሣን? እኔም ተነሥቻለሁ። ስንቶቻችን «ይሄ ቤት የማን ነበር?» ብለን ጠየቅን? እኔ አልጠየቅሁም። ፎቶዬ አሁን እንደ ብልቃጦቼ ነው። ያምራል፤ ባዶ ነው።

ሦስት ጥያቄ

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ለራሴ ሕግ አውጥቻለሁ። የሚስማማችሁ ተቀበሉት፣ የማይስማማችሁ ተከራከሩኝ።

አንደኛ፣ ሦስት ጥያቄ ሳልጠይቅ አልገዛም። የማን ነበር? ከየትኛው ቀበሌ? መቼ ነበር የምትጠቀምበት? «የድሮ ሰው» መልስ አይደለም። ሻጩ ባያውቅ እንኳ ሁለትና ሦስት ሰው ከጠየቀው በሚቀጥለው ጊዜ ሲገዛ እሱም ይጠይቃል። ገበያ የሚማረው ከገዢ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ሥር ወረቀት አስራለሁ። ስም፣ አገር፣ የሰማሁት ታሪክ፤ የሚያስደስተውም የሚያምመውም። አንድ ቀን እኔም ባልፍ፣ ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ወይም ወደ ሌላ ይሄዳል። ወረቀት የሌለው ዕቃ ለሙዚየም የሚሰጠው ሥራ እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዋናው ይሄ ነው፤ ከዕቃው በፊት ሰውየዋን። ሴት አያታችሁ በሕይወት ካሉ፣ ይሄን አንብባችሁ ስትጨርሱ ደውሉላቸው። ብልቃጡ ይቆያል፤ ቀንድ ነው፣ አይበሰብስም። እሳቸው ግን አይቆዩም። እንሶስላውን ከምን ጋር እንደሚወቅጡት፣ አደሱን መቼ ቅቤው ውስጥ እንደሚጨምሩት፣ ንቅሳቱን ማን እንደነቀሳቸውና ፈቅደው እንደሆነ ጠይቋቸው። የመጨረሻውን ስትጠይቁ መልሱን ለመስማት ተዘጋጁ።

በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እኔ ወደ እስቴ አልሄድኩም። ስልክ ሲሠራ ግን ለእታለም እደውላለሁ። ባለፈው ደወልኩና መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ያን ቀን ስለጮኽሁባት። ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ብልቃጥ እኮ ናት» አለችኝ። ከዚያ ሦስቱን ጥያቄዬን አቀረብኩላት።

አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። ብልቃጧ የእማሆይ እንኳ አልነበረችም፤ የእናታቸው ነበረች። ከሞታቸው በፊት ለእማሆይ የሰጧቸው ለሠርጋቸው ነው። እማሆይ ለመጨረሻ ጊዜ የተኳሉት ባለቤታቸው የሞቱ ዕለት ጠዋት ነበር፤ ገበያ ሊወጡ ተኩለው መርዶው መጣ። ያን ቀን ኩሉ ከእንባ ጋር ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ እታለም ልጅ ሆና አይታለች። ከዚያ በኋላ ብልቃጧ ተዘጋች። ባዶ የሆነችው ያን ጊዜ ነው።

«ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ባዶ ናት ብለሽ ሸጥሻት?» አልኳት፤ ዛሬ ሳልጮህ።

«ማን ጠይቆኝ!» አለችኝ።

መደርደሪያዬ ላይ አሁን ዐሥራ ሁለተኛ ቦታ ከፍቻለሁ። ብልቃጥ የለበትም። አንድ ወረቀት ብቻ ነው ያለው፤ ላዩ ላይ የሁለት ሴቶች ስም፣ «እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ» እና እታለም የነገረችኝ ተጽፎበታል። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ እሱ የቤተሰብ ነው። ከሰበሰብኩት ሁሉ ግን የማን እንደሆነ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

ምናልባት ከናንተ የአንዳችሁ መደርደሪያ ላይ ቡናማ የቀንድ ብልቃጥ ካለች፣ ክዳኗ ቆዳ፣ መኳያዋ በክር የታሰረ፣ አትመልሱልኝ። ወረቀቱን ልላክላችሁና ሥሯ እሰሩላት።

ቸር እንሰንብት።